«ጠርሙሱን ቁም ሳጥን ውስጥ ደብቄዋለሁ»

ጥያቄ፦

ውድ አማካሪያችን፣ ዓምድሽን ሁሌም አነባለሁ። እኔም አንድ ቀን እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

34 ዓመቴ ነው። እናቴን አስታምማለሁ። እማዬ 66 ዓመቷ ነው። የጡት ካንሰር ተገኝቶባት ኦፕራሲዮን ተደረገች፣ ኪሞም ወሰደች። ሁለት ዓመት ደህና ቆየች። ከስድስት ወር በፊት ግን አጥንቷ ውስጥ ገብቷል ተባልን። ሐኪሙ እኔንና ታላቅ ወንድሜን ለብቻችን ጠርቶ «ከእንግዲህ በሽታውን ማጥፋት አንችልም፤ ስቃይዋን ግን መቀነስ እንችላለን» አለን። ለእማዬ አልነገርናትም። «ቁርጥማት ነው፣ መድኃኒት ታዞልሻል» ነው ያልናት።

ችግሩ መድኃኒቱ ነው። የታዘዘው ፈሳሽ ሞርፊን ነው። በየ4 ሰዓቱ በሲሪንጅ ለክቼ በአፏ እንድሰጣት ተነገረኝ። ወንድሜ ስሙን ሲሰማ ደነገጠ። «ሱሰኛ ልታደርጊያት ነው? ይሄ እኮ ሰው ሊሞት ሲል የሚሰጥ ነው። ከአሁኑ ከጀመረች በኋላ ሲብስባት ምን ሊሰጣት ነው?» አለኝ። ወንድሜ መሐንዲስ ነው። ቤተሰቡ ሁሉ የሚሰማው እሱን ነው። እኔም ከእሱ ጋር ተጣልቼ አላውቅም።

እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔም ፈራሁ። ስለዚህ ጠርሙሱን ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከአንሶላዎቹ ኋላ ደብቄዋለሁ። ሌሊት ስታቃስት ስሰማ ብቻ ተነስቼ ከታዘዘው ግማሹን እሰጣታለሁ። ለወንድሜ ምንም አልሰጠኋትም እለዋለሁ። ለሐኪሙ ደግሞ በትክክል እየወሰደች ነው አልኩት። ያልዋሸሁት ሰው የለም።

እማዬ አታማርርም። «እንዴት አደርሽ?» ስላት «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» ነው መልሷ። ግን የብርድ ልብሱን ጠርዝ በጥርሷ ነክሳ ሁለት ጊዜ አይቻታለሁ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ የአባታችንን ፎቶ ከሳሎን አውርደን ከአልጋዋ በግራ በኩል እንድንሰቅልላት ጠየቀችን። አባቴ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ወንድሜ «ናፍቆት ነው» ብሎ ደስ እያለው ሰቀለላት። እኔ ወጥቼ አለቀስኩ።

ሞርፊኑን በትክክል ልስጣት ወይስ ወንድሜን ልስማ? እየገደልኳት ነው ወይስ እያሰቃየኋት? እውነቱንስ መንገር አለብን? እንቅልፍ የሚባል ነገር የለኝም።

ግማሹን የምትሰጠው ነኝ

መልስ፦

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ስለ ሞርፊን ብቻ የተጻፈ መሰለኝ። በሁለተኛው የአባትሽ ፎቶ ላይ ስደርስ ቆምኩ። እመለስበታለሁ።

«እየገደልኳት ነው ወይስ እያሰቃየኋት?» ያልሽው ሆዴን አባባው። እኔም አባቴን ሳስታምም ሌሊት ሌሊት ቁጭ ብዬ ራሴን እንዲህ እጠይቅ ነበር። ከታዘዘው ግማሹን የሚሰጥ ሰው ጨክኖ አይደለም፣ ፈርቶ ነው። ሞርፊን የሚለውን ስም ሰምቶ የማይደነግጥ ደግሞ ጥቂት ነው። ግን ፍርሃቱ ለሦስት ሰው ሦስት ዓይነት ታሪክ እንድትይዢ አድርጎሻል። ለሐኪሙ አንድ፣ ለወንድምሽ ሌላ፣ ለእናትሽ ደግሞ ሌላ። እንቅልፍ የነሳሽ የእሳቸው ማቃሰት ብቻ ነው? ወይስ ለማን ምን እንዳልሽ ማስታወሱም አለበት?

ከፈቀድሽልኝ ከሐኪሙ እንጀምር፤ የሚያስቸኩለው እሱ ነው። ነገ ጠዋት ደውይለት። «ዶክተር፣ ያዘዙልንን በትክክል እየሰጠኋት አልነበረም። ሌሊት ብቻ፣ ያውም ግማሹን ነው የምሰጣት» በይው። በቃ፣ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ምክንያቱን ልንገርሽ። አሁን እሱ የሚያውቀው እናትሽ ሙሉውን እየወሰዱ መሆኑን ነው። በሚቀጥለው ቀጠሮ ህመሙ እንዳልለቀቃቸው ከሰማ መድኃኒቱ አልበቃቸውም ብሎ መጠኑን ከፍ ያደርገዋል። አንቺ ደግሞ አንድ ቀን ጨክነሽ «ከዛሬ ጀምሮ በትክክል እሰጣለሁ» ብትይ፣ ሰውነታቸው ያልለመደውን መጠን በአንዴ ትሰጪያቸዋለሽ። ወንድምሽ የሚፈራው አደጋ ሊመጣ የሚችለው በእንዲህ ዓይነቱ ቀዳዳ ነው። ከስንት እንደምትጀምሪ ሐኪሙ ይንገርሽ። እኔ ሐኪም አይደለሁምና መጠን ውስጥ አልገባም። ይቆጣኛል ብለሽ ከሰጋሽ ደግሞ፣ ይቆጣ። ከዚህ የባሰ ብዙ ሰምቷል።

አሁን ወደ ጠርሙሱ። ሲያቃስቱ ብቻ መስጠት ለምን እንደማያዋጣ እኔም የተማርኩት አርፍጄ ነው። ፈሳሽ ሞርፊን በአፍ ሲወሰድ በግማሽ ሰዓት ገደማ መሥራት ይጀምራል። ኃይሉ የሚቆየው ደግሞ አራት ሰዓት ያህል ነው፤ ከዚያ ያልቃል። እናትሽ እስኪያቃስቱ ከጠበቅሽ ህመሙ ቀድሞ ገብቷል፣ መድኃኒቱ ከኋላ እየሮጠ ነው ማለት ነው። ሥር የሰደደን ህመም ማውረድ ደግሞ እንዳይነሳ ከመያዝ የበለጠ ይከብዳል። ቀኑን ሙሉ ምንም ሳይወስዱ ውለው፣ ሌሊት ግማሽ ተሰጥቷቸው፣ ግማሽ ሰዓት ጥርሳቸውን ነክሰው ጠብቀው፣ ትንሽ ቀለል ይላቸዋል። ጠዋት እንደገና «ሀ» ብሎ ይጀምራል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1986 ስለ ካንሰር ህመም ባወጣው መመሪያ ላይ ከዋናዎቹ ምክሮች አንዱ ይኸው ነበር፤ በአፍ መውሰድ ለሚችል ሰው በአፍ፣ በሰዓቱ።

አባቴን ልታይ ቤት ትመጣ የነበረች ነርስ አንድ ቀን የጫማ ካርቶን ክዳን ቀደደችና በወፍራም ማርከር «12፣ 4፣ 8» ብላ ጽፋ ከበሩ ጀርባ ለጠፈችልን። ጠዋት 12፣ ረፋድ 4፣ ቀን 8። ማታ 12፣ ምሽት 4፣ ሌሊት 8። በእኛ ሰዓት ሲቆጠር ቀኑም ሌሊቱም ያው ሦስት ቁጥር ነው። ሲያመው ሳይሆን ሰዓቱን ጠብቁ አለችን። ከሦስት ቀን በኋላ አባቴ መነጽሩን ፈልጉልኝ አለ። ከወር በላይ ሳይጠይቅ የቆየውን መነጽር! እርስ በርስ ተያየን። ያን ሁሉ ጊዜ ማንበብ ያስጠላው መስሎን ነበር። ለካ ህመሙ ነበር ዓይኑን የያዘው።

የሌሊቱ 8 ሰዓት ከከበደሽ ሐኪሙን ጠይቂው። ብዙ ጊዜ የመኝታ ሰዓቱን መጠን አስተካክለው ሌሊቱን ሳትነሱ እንድታድሩ ያደርጋሉ። ከመደበኛው ውጪ ህመሙ ድንገት ከተነሳ፣ ወይም ገላቸውን ከማጠብሽና አንሶላ ከመቀየርሽ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ፣ ተጨማሪ ስንት መስጠት እንደምትችዪ አብረሽ አጽፊው። አንዱ የመስጫ ሰዓት ካለፈሽ ለማካካስ ብለሽ እጥፍ አትስጪ። በትክክል መውሰድ ከጀመሩ በኋላም በራሳችሁ ፈቃድ ድንገት አታቁሙት፤ ማቆም ቢያስፈልግ እየቀነሱ ነው።

እንግዲህ ወንድምሽ። ጥያቄዎቹን አትናቂያቸው፣ ደህና ጥያቄዎች ናቸው። መሐንዲስ ነው ስላልሽ፣ ነገሩን አንድ በአንድ ቢያዩት የሚረጋጋ ሰው ይመስለኛል።

ሱስ ነው የመጀመሪያው። ሰውነት መድኃኒት መልመዱና ሱስ አንድ አይደሉም። ሞርፊን ለሳምንታት የወሰደ ሰው ሰውነት ይለምደዋል፤ ድንገት ቢቋረጥበት ያልበዋል፣ ይጨንቀዋል። ይሄ የሰውነት ሥራ ነው። ሱሰኛ ማለት እየጎዳውም ቢሆን ከመፈለግ ራሱን መግታት ያቃተው፣ ሕይወቱ በዚያ ዙሪያ የሚሽከረከር ሰው ነው። ለካንሰር ህመሙ ሐኪም እየተከታተለው የሚወስድ ሰው ላይ እንዲህ ዓይነቱ ነገር ብዙም አይታይም። ቀድሞ ሱስ የነበረበት ሰው ከሆነ ክትትሉ ይጠብቃል። የእናትሽ ዓይነቱ ሰው ግን ህመሙ ሲለቀው የሚፈልገው መነጽሩን ነው።

ሁለተኛው «ሰው ሊሞት ሲል የሚሰጥ ነው» ያለው። ይህ ወሬ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት ግምት፣ የማስታገሻ ህክምና ከሚያስፈልጋቸው ሰዎች የሚያገኙት 14 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። ከእነሱም ብዙዎቹ የሚደርሳቸው ዘግይቶ ነው። ጎረቤት የሚያየው ታዲያ ምንድን ነው? ሞርፊን መጣ፣ ሰውየው ሞተ። ዝናብ ሲዘንብ ጥላ ይዞ የወጣን ሰው «ዝናቡን አንተ አመጣኸው» እንደማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ከአሜሪካ የወጣ አንድ ጥናት ለወንድምሽ ይጠቅመው ይሆናል። ሳንባቸው ላይ የጀመረው ካንሰር የተሰራጨባቸው 151 ሰዎች ናቸው። ግማሾቹ የተለመደውን የካንሰር ህክምና ብቻ አገኙ። ግማሾቹ እሱንም፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ የማስታገሻ ህክምናም አገኙ። ሁለተኞቹ ስሜታቸው የተሻለ ነበር። የኖሩበት ጊዜም ሲታይ የእነዚህኞቹ አማካይ 11.6 ወር፣ የመጀመሪያዎቹ 8.9 ወር ነበር። ይህን ሳነሳ ሞርፊን ዕድሜ ይጨምራል ማለቴ አይደለም። ህክምናው ከሞርፊን በላይ ብዙ ነገር አለበት፤ ምክር፣ የቤተሰብ ድጋፍ፣ የሌሎች ስቃዮች ክትትል። ግን ስቃይን ቀድሞ መንከባከብ ሞትን እንደማይጠራ ያሳያል።

በነገራችን ላይ ሐኪሞቹ ፓሊየቲቭ ኬር ይሉታል። ለእኔ ማስታመም የሚለው የራሳችን ቃል ይበልጥብኛል። ህመም የሚለው ውስጡ አለ፣ አስታማሚውም ውስጡ አለ። አንቺ ስሙን ሳታውቂው እየሠራሽው ነው።

ሦስተኛው «ኋላ ሲብስባት ምን ሊሰጣት ነው?» የሚለው ነው። ይሄ እኔንም በጊዜው ያስጨነቀኝ ነበር። መድኃኒቱን ለክፉ ቀን ማስቀመጥ የቁጠባ ደብተር አስመስሎብኝ ነበር። ፓራሲታሞል የቀን ጣሪያ አለው፤ ከዚያ ካለፈ ጉበት ይጎዳል። ሞርፊን እንደዚያ ዓይነት የተቆረጠ ጣሪያ የለውም። ህመሙ ሲጨምር ሐኪሙ እያየ ቀስ በቀስ ይጨምረዋል። ካልተስማማ ሌላ ተመሳሳይ መድኃኒት አለ። ለአጥንትና ለነርቭ ህመም ደግሞ አብረው የሚሰጡ ሌሎች መድኃኒቶች አሉ። ዛሬ ቢወስዱት ነገ አይጎድልባቸውም።

ወንድምሽ ሳይናገረው የቀረ አራተኛ ፍርሃትም ያለ ይመስለኛል፤ ትንፋሿን ቢያቆመውስ? እዚህ ላይ ሸፋፍኜ አላልፍም። ሞርፊን ከመጠን ካለፈ ትንፋሽን ያዳክማል። ከትንሽ ተጀምሮ፣ ለህመም እየተለካ፣ ቀስ እያለ ሲጨመር ግን ይህ የሚሆነው ከስንት አንዴ ነው። ብዙውን ጊዜም በፊቱ ምልክት ይሰጣል። እንቅልፉ እየከበደ ይመጣል። ስትጠሪያቸውና ስትነኪያቸው ለመንቃት ከተቸገሩ፣ ትንፋሻቸው በጣም ከዘገየ፣ ቀጣዩን መጠን አትስጪ፣ ወዲያው እርዳታ ጥሪ። ግራ ከተጋቡ፣ እጅ እግራቸው በራሱ ብርግግ ማለት ከጀመረ ወይም ሽንታቸው ከቀነሰም በዚያው ቀን ለሐኪሙ ንገሪው፤ ኩላሊት ሲደክም መድኃኒቱ ሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል። የእንቅልፍ ኪኒን ወይም ሌላ የሚያደነዝዝ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ አሁኑኑ ይወቀው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ ድብት ሊላቸው፣ ሊያቅለሸልሻቸው ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ውስጥ ይለቃል። የስድስት ወር እንቅልፍ ዕዳ ያለባቸው መሆኑንም አትርሺ። ተኝተው ብታያቸው፣ ጠርተሻቸው «አቤት» ካሉሽ፣ ይተኙ።

ሁሉም ሰው ስለ ሱስ ያወራል። ስለ ሆድ ድርቀት የሚያወራ አንድ ሰው አላጋጠመኝም። ሞርፊን ሲወሰድ የማይቀረው እኮ እሱ ነው! ማቅለሽለሹ ይለቃል፣ ድብታው ይለቃል፣ ድርቀቱ ግን አይለቅም። የሚያለሰልስና አንጀት የሚያንቀሳቅስ መድኃኒት ከሞርፊኑ ጋር አብሮ መጀመር አለበት። ታዞላችኋል? ካልታዘዘ ነገ ስትደውዪ ጠይቂ። ብዙ በሽተኛ ሞርፊኑን «አልፈልግም» የሚለው በዚህ ሰበብ ነው፤ አፍሮ ግን አይናገረውም።

ጠርሙሱ ቁም ሳጥን ውስጥ መሆኑ፣ እንደ እውነቱ ከሆነ፣ ጥሩ ቦታ ነው። ቁልፍ ቢኖረው ደግሞ ይበልጥ። ልጆችና ሌላ ሰው እንዳያገኙት ይቀመጥ። ከወንድምሽ ግን አይደበቅ።

እንዴት ትነግሪዋለሽ? መጣላት የለብሽም። ክርክር ውስጥ ገብተሽ ልትረችውም አትሞክሪ፤ እኔ በጻፍኩልሽ ቁጥሮችም ቢሆን። እንዲህ ብትይውስ፦ «እኔ እየፈራሁ ግማሹን ስሰጣት ነበር። ላንተ ደብቄሃለሁ። ከሐኪሙ ጋር ልንነጋገር ስለሆነ ጥያቄዎችህን ይዘህ አብረኸኝ ና።» ጥያቄውን ራሱ ይጠይቅ። መልሱን ከታናሽ እህቱ ከሚሰማ ከሐኪሙ ቢሰማ ይቀለዋል። ትንሽ ኩራት አለው መሰለኝ፣ አይፈረድበትም። እሱም እኮ እናቱ ናት። ስሙን የጠላው የመድኃኒቱን አይመስለኝም፣ መድኃኒቱ የሚነግረውን ነገር ነው። «ሞርፊን አያስፈልጋትም» ካለ በሽታዋም ያን ያህል አይደለም ማለት ይችላል። አንቺ የሌሊቱን ድምፅ ስለምትሰሚ እንዲህ ማለት አልቻልሽም። እሱ ግን የሚመጣው ቀን ነው አይደል? «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» በሚባልበት ሰዓት? ስለዚህ ከተቻለ በሳምንት ሁለት ሌሊት እሱ ይደር። የ8 ሰዓቱን እሱ ይስጥ፤ በመጀመሪያው ሌሊት አብረሽው ሆነሽ ሲሪንጁ ላይ መስመሩን አሳዪው። አንቺም በዚያ ሌሊት በር ዘግተሽ ተኚ። ይህን ለራስሽ ስትዪ ካላደረግሽው፣ ዓይንሽ ቦዞ መጠን እንዳትሳሳቺ ስትዪ አድርጊው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንል የለ? እናንተ ቤት ሁለቱም ተደብቋል። እናትሽ ህመሙን ደብቀዋል፣ አንቺ መድኃኒቱን። የእሳቸውን ማውጣት ትንሽ ዘዴ ይፈልጋል። «ያምሻል?» ብለሽ ከጠየቅሽ መልሱ የታወቀ ነው። ልጆቻቸውን ላለማስጨነቅ ስንት ዓመት የተለማመዱት መልስ ነው። እንዲህ ብለሽ ጠይቂያቸው፦ ይቆረጥማል ወይስ ይወጋል? ያቃጥላል? እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝራል? ይጠዘጥዛል? ስትዞሪ ነው ወይስ ዝም ብለሽ ተኝተሽም? አማርኛችን ለህመም ድሃ አይደለም። ሐኪሙም ከእነዚህ ቃላት ብዙ ያነባል። የሚቆረጥመው የአጥንቱ ሊሆን ይችላል። የሚያቃጥለውና የሚነዝረው የነርቭ ሊሆን ይችላል፤ ለእሱ የሚሰጠው መድኃኒት ይለያል። ከ0 እስከ 10 ስንት ነው ብሎ መጠየቅም ይረዳል። ቁጥር ካልወደዱ በጣት ያሳዩሽ። በአንድ ደብተር ላይ ሰዓቱን፣ የሰጠሽውን መጠንና ቁጥሩን ጻፊ። ለመሐንዲስ ወንድም ከዚህ የተሻለ ስጦታ አይኖርም።

አሁን ፎቶው። ለምን በግራ በኩል አሉ?

አንቺ ያለቀስሽበት ምክንያት ገብቶኛል። አባትሽን ማየት የፈለጉት መሄዳቸው ስለታወቃቸው ነው ብለሽ ነው። ትክክል ልትሆኚ ትችያለሽ። ግን ሌላም ነገር አለው መሰለኝ። በቀኝ ጎናቸው ሲተኙ አይተሻቸው ታውቂያለሽ? በቅርቡ ማለቴ ነው። በግራ ብቻ የሚተኙ ከሆነ ቀኝ ዳሌያቸው ወይም የጎን አጥንታቸው ላይ የማያስተኛ ህመም ይኖር ይሆናል። እሳቸውም «ቀኙ አላስተኛ አለኝ» ብለው በማማረር ፈንታ ፎቶውን ወደሚያዩበት አስመጡት። ይህን ለሐኪሙ ሳትነግሪ እንዳትቀሪ። አጥንት ላይ አንድ ቦታ ለሚጠና ህመም የጨረር ህክምና አለ፤ አንዳንዴ አንድ ቀን ብቻ ተሰጥቶ ያስታግሳል። እፎይታው እስኪመጣ ግን ጥቂት ሳምንት ሊወስድ ይችላል። አጥንቱ ለመሰበር ተቃርቦ እንዳይሆንም ያዩታል። አንድ ነገር ግን ለቀጠሮ አይቀመጥም። አዲስ የጀርባ ህመም ከጀመራቸው፣ እግራቸው ከዛለ ወይም ከደነዘዘ፣ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃታቸው በዚያው ዕለት ሆስፒታል ይግቡ። ካንሰሩ የጀርባ አጥንት ውስጥ ያለውን ሕብለ ሰረሰር ሲጫን እንዲህ ይሆናል። ቶሎ ካልተደረሰ እግር ላይመለስ ይችላል።

እውነቱን ስለመንገር የጠየቅሽኝ ይቀራል። እናትሽ ጡታቸውን ኦፕራሲዮን ተደርገዋል። ኪሞ ወስደዋል። አሁን «ቁርጥማት ነው» ሲባሉ ያመኑ ይመስልሻል? እኔ እንጃ። ያመኑ የሚመስሉት ለእናንተ ብለው ሊሆን ይችላል። እናንተም ለእሳቸው ብላችሁ ዝም ብላችኋል። አባቴ ቤትም እንዲሁ ነበር። አንድ አልጋ ከብበን አራት ሰዎች ሁላችንም የምናውቀውን ነገር ስንሸሽ ከረምን። በጣም ብቸኛ ጊዜ ነበር። እሱ ምን ያህል ብቸኛ እንደነበር ደግሞ አላውቅም፣ አልጠየቅኩትም። ይህ ነው እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ።

እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን ውስጥ ለጽኑ ሕመምተኞች የሚሆን ማረፊያ ሆስፒስ የከፈተችው ሲስሊ ሳንደርስ መጀመሪያ ነርስ፣ ቀጥሎ የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ፣ በመጨረሻም ሐኪም ነበረች። በሦስቱም ዓይን በሽተኛን ስላየች ይሆናል፣ ህመም የሰውነት ብቻ አይደለም አለች። የልብ፣ የቤተሰብ፣ የመንፈስም ነው፤ ሁሉም ተደምሮ ነው ሰውን የሚይዘው። ሌሊት የሚብሰው ለዚህም ጭምር ይመስለኛል። ለመናገር ያልተመቸ ነገር ጨለማ ሲሆን ይከብዳል። ሞርፊን ያንን አይነካውም።

ታዲያ ዛሬውኑ ቁጭ አድርገሽ ሁሉን ዘርግፊላቸው አልልሽም። ማወቅ መብታቸው ነው፣ አለማወቅን መምረጥም እንደዚያው። ስለዚህ ጠይቂያቸው። «እማዬ፣ ሐኪሙ ስለ በሽታሽ ያለውን ነገር መስማት ትፈልጊያለሽ? ወይስ እኛ ሰምተን የሚያስፈልገውን እናድርግ?» ካሉሽ «እናንተው ስሙልኝ»፣ ተዪው፤ በሩ ግን ክፍት መሆኑን ንገሪያቸው። «ንገሪኝ» ካሉ ደግሞ ብቻሽን አትሁኚ። ሐኪሙ ወይም ነርሷ ባሉበት፣ ወንድምሽም ባለበት ይሁን። «ምን ያህል ጊዜ?» ብለው ሊጠይቁ ይችላሉ። «ምንድን ነው በጣም የሚያስፈራሽ?» ብለሽ መልሰሽ መጠየቅ ትችያለሽ። ብዙ ሰው የሚፈራው ስቃዩን ነው ይባላል። ለዚያ ቢያንስ ቁም ሳጥን ውስጥ መልስ አለሽ። ስለ መድኃኒቱም አትዋሺያቸው። ስሙን ከፈሩ «ህመሙ እንዳይነሳ በሰዓቱ የሚወሰድ ነው» ማለት ይበቃል፤ እውነትም ነው።

ውይይቱን ግን ከመድኃኒቱ በፊት አታድርጊው። ጥርሱን የነከሰ ሰው ማውራት አይችልም። መጀመሪያ ነገ ስልኩ፣ ከዚያ ሰዓቱ፣ ከዚያ ጥቂት ቀን መጠበቅ። ህመሙ ገለል ሲል ወሬው ራሱ ይመጣል። ምናልባት ከአንቺ ቀድመው እሳቸው ይጀምሩታል። እንዲህ ዓይነት እናቶች አብዛኛውን ጊዜ ይቀድማሉ።

ጥቂት ሳምንት ካለፈ በኋላ ጻፊልኝ። እኔን በጣም የሚያጓጓኝ አንድ ነገር ነው። አንድ ጠዋት ገብተሽ በቀኝ ጎናቸው ተኝተው ካገኘሻቸው፣ ፎቶው ወዴት ይዙር ብለሽ ጠይቂያቸው።